ቆጣሪ አይሻገርም

እሺ፣ እሺ፣ ተቀመጡ። ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ የጋራዥ ሰዎች፣ ድምፄ ይደርሳል? ያልሰማ እጁን ያውጣ። ይኸው አንዱ አወጣ! ሳይሰማ እንዴት እንዳወጣ እሱ ያውቃል።

ክቡር አለቃችን፣ ባልደረቦቼ፣ ደግሞ ዛሬ ከቤታቸው ድረስ የመጡልን እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ እንኳን ደህና መጡልን። ጋሼ፣ እርስዎስ ወንበሩ ተመችቶዎታል? ኮፍያውን ከጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡት፣ ዛሬ ፀሐይ የለም። ንግግሩ አጭር ነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዐይንዎ ወደ ሰዓትዎ ሲሄድ አየሁት፤ ይሁን፣ ይቆጠር።

ለእንግዶቻችን አንድ ነገር ላስረዳ። እኚህ ሰው መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም አላቸው። እኔ ስሙን ያወቅሁት ትናንት የሽኝት ደብዳቤው ሲተየብ ነው። ጸሐፊያችንም ደብዳቤውን መልሳ ይዛልኝ መጥታ «ይሄ ደሞ ማነው? እኛ ክፍል እንዲህ የሚባል ሰው አለ እንዴ?» ብላኛለች። እኛ ዘንድ እሳቸው ጋሽ ይቆጠር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው አፋቸው ነው። እዚህ ቢሮ ክርክር ሲነሳ፣ አንዱ «መኪና በዛ» ሌላው «አልበዛም» ሲል፣ ጋሼ ከጥግ ሆነው አንዲት ቃል ይናገራሉ፦ «ይቆጠር።» አውቶቡሱ ዘገየ? ይቆጠር። የክበቡ ዳቦ አነሰ? ይቆጠር። እትዬ አንድ ቀን ተናደው «ለመሆኑ አንተ ሰውዬ በቀን ስንት ቃል ታናግረኛለህ?» ቢሏቸው ምን ብለው መለሱ?

አያችሁ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ መለሳችሁ።

ወደዚህ ቢሮ የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁም፤ ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር። የነገሩኝ እትዬ መዝገብ ናቸው፣ መዝገብ ቤታችንን ከማናችንም በፊት የያዙት፣ እዚያ ጋ ከአሁኑ እየሳቁ ያሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ጋሼ የመጡት ለሾፌርነት ሊያመለክቱ ነበር። ዘበኛው «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቅ» ብሎ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንቀላፋል፣ ወይ ዘበኛውን ወሬ ይጠይቃል። እሳቸው ቆጠሩ። የያኔው አለቃ ለምሳ ሲወጡ ብድግ ብለው እጅ ነሱና፦

«ጌታዬ፣ ዛሬ በዚህ በር ሰማንያ ሁለት ሠራተኛ ገብቷል። የወጣው አራት ብቻ ነው። አሁን ውስጥ ሰባ ስምንት ሰው አለዎት» አሏቸው።

«አንተ ማነህ?» አሉ አለቃው ደንግጠው።

«ሾፌር ነኝ ጌታዬ።»

ነገሩ አለቃውን ከነከናቸው። ምሳቸውን ትተው ተመለሱና ክፍል ለክፍል ዞሩ። ያገኙት ሰባ አንድ ሰው ነው። ሰባቱ የሉም! በበሩ አልወጡ፣ ወንበራቸው ላይ የሉ፣ መሬት ዋጠቻቸው? ሲፈለግ ሲፈለግ ከጋራዡ ኋላ አጥሩ ላይ አንዲት የላላች ቆርቆሮ ተገኘች። ሰባቱም በዚያች ቆርቆሮ ሾልከው፣ ገበያ የሄደው ገበያ፣ ፀጉር ቤት የሄደችው ፀጉር ቤት ነበሩ። ጋሼ ገና ሳይቀጠሩ ሰባት ሰው ማስጠንቀቂያ አጻፉ! ፀጉር ቤት የሄደችው ማን እንደነበረች ልናገር? እትዬ መዝገብ፣ ልናገር? የራሳቸውን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጃቸው ቁጥር ሰጥተው ፋይል ያደረጉ እሳቸው ናቸው። ፋይሉ እስከ ዛሬ አለ፣ አይቼዋለሁ።

አለቃውም «ይሄን ሰው መሪ ማስጨበጥ በደል ነው፣ ቆጠራ ክፍል ይግባ» አሉ። በዚያው ቀሩ። ጋሼ የቢሮ መኪና አንድ ቀን እንኳ ነድተው አያውቁም። ቆርቆሮዋም በምስማር ተመታች። የጋራዥ ሰዎች፣ ምነው አቀረቀራችሁ? አሁን በየት በኩል እንደምትወጡ እኔ ምን አውቃለሁ።

ለማያውቅ፣ የክፍላችን ሥራ ይኸው ነው፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ መቁጠር። የአንድ ሰፈር ሰዎች «እዚህ ጋ የእግረኛ ማቋረጫ ይሠራልን» ብለው ይጽፋሉ። እኛ እንሄዳለን፤ ስንት መኪና አለፈ፣ ስንት ሰው ተሻገረ፣ ቆጥረን «ያስፈልጋል» ወይም «አያስፈልግም» እንላለን። አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር የሚሰመረው ወይም የሚቀረው በዚያች ወረቀት ነው። ጋሼ ለዚህ ሥራ ሦስት ዕቃ አላቸው፦ ያ ኮፍያ፣ አንዲት ተጣጣፊ በርጩማ፣ እና ያቺ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ የብረት መቁጠሪያ። አውራ ጣት በጫናት ቁጥር ጠቅ ትላለች፣ አንድ ትጨምራለች።

ያቺን መቁጠሪያ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት እንዲመልሱ ንብረት ክፍላችን አንቆ ይዟቸው ነበር። ሳይመልሱ ክሊራንስ አልፈርምም አለ። የንብረት ካርዱ ሲወጣ ምን ይላል? «መቁጠሪያ፣ አንድ፣ ተበላሽታ የተወገደች።» ከሃያ ዓመት በፊት! ንብረት ክፍላችን ሁለት ቀን አሰበበትና «የሌለ ዕቃ ልረከብ አልችልም» ብሎ ፈረመ። ስለዚህ ያቺ መቁጠሪያ በሕግ ዐይን የለችም። እሳቸው እጅ ላይ ግን አለች፣ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ናት።

ስብሰባ ላይ ይዘዋት እንደሚገቡ ታውቃላችሁ። አለቃችን «እንግዲህ» የምትለዋን ቃል ይወዷታል፣ አይቀየሙኝ ክቡር አለቃ። አለቃችን «እንግዲህ» ሲሉ ከጥግ ጠቅ። «እንግዲህ ባለፈው እንደተነጋገርነው» ጠቅ። የዓመቱ ዕቅድ የተገመገመ ዕለት ሥልሳ ሦስት ደርሳለች። አለቃችን መጨረሻ ላይ «እን...» ብለው ወደ ጥጉ አዩና «...ስለዚህ» አሉ። ሰማችሁ፣ አሁንም ጠቅ አለች! ጋሼ፣ ምን እየቆጠሩ ነው? ውሸት? የኔን ውሸት? ስንት ደረሰ? ሁለት! እሺ፣ ፀጉር ቤቱ ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ።

እትዬ ደግሞ የቤቱን ነግረውኛል። የቤታቸው ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ነው አሉ። አንድ ቀን ከሥራ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙና «አሥራ ስምንት» አሉ። ራት ቀርቧል። እሳቸው ወርደው እንደገና ወጡ።

አንድ ሕግ ደግሞ አላቸው፤ ከሳቸው ጋር ቆጠራ የወጣ ሁሉ ያውቃታል። እኔ የተማርኳት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃ ጠምቶኛል፣ ሱቁ ማዶ ነው። ብድግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ላመጣ ነዋ ጋሼ።»

«ከተሻገርሽ ቁጥሩ ውስጥ ገባሽ። አንዷን ተሻጋሪ እኛው ከፈጠርናት ወረቀቱ የሕዝቡ መሆኑ ቀረ፣ የኛ ሆነ። ቆጣሪ አይሻገርም።»

«ስንጨርስስ?»

«ነገም እንቆጥረው ይሆናላ።»

ማዶ የተደረደረውን ውሃ እያየሁ ጉሮሮዬ ደርቆ ዋልኩ። ይህችን ሕግ ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ሰባት ዓመት ሆነው። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ዲግሪዬ ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ እኔም አፍንጫዬ ሰማይ ነው። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ስላለው ሰፊ መንገድ ማመልከቻ መጣ፤ የእግረኛ ማቋረጫ ይሠራልን የሚል፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ፊርማ ያለው። ጋሼ ዕረፍት ላይ ናቸው። እኔ ብቻዬን ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዐይኔን ሳልነቅል ቆጠርኩ። መኪናው ጎርፍ ነው። የተሻገረው ሰው ግን በሁለቱ ቀን ስንት መሰላችሁ? ዘጠኝ!

መመሪያችን ማቋረጫ እንዲሠራ በሰዓት ቢያንስ መቶ ሰው መሻገር አለበት ይላል። እኔ ዘጠኝ ይዤ ተመለስኩ። ደስ እያለኝ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ባለ ቀለም ግራፍ ሁሉ ሠራሁለት። ማጠቃለያው «ተሻጋሪ ስለሌለ ማቋረጫ አያስፈልግም» ይላል። አለቃችን «እንግዲህ እንዲህ ነው የተማረ ሰው!» ብለው አጸደቁት። እኔም ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች።

ጋሼ ከዕረፍት ተመለሱ። ሪፖርቱን አነሡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡ። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ።

«ጽሑፍሽ ያምራል» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«እዚህ ግርጌው ላይ፣ ተጨማሪ ምልከታ በሚለው፣ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

አነበብኩላቸው። «ዘጠኙም በሩጫ ተሻግረዋል። መንገዱ መሃል የአንድ እግር ጫማ ታይቷል፤ ቡናማ፣ የግራ።»

«ጥሩ ዐይን አለሽ። አሁን ንገሪኝ» አሉ፣ «ጫማውን መንገድ መሃል ጥሎ የሮጠ ሰው፣ ለምን ተመልሶ አላነሣውም?»

እኔ ግርጌውን እንደገና አነበብኩት።

«ተነሺ» አሉኝ። በርጩማዋን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፣ ወጣን።

መንገዱ ዳር ተቀመጥን። እኔ እንደ ልማዴ አስፋልቱ ላይ አፈጠጥኩ። እሳቸው አገጬን በጣታቸው ወደ ጎን መለሱት። «አስፋልቱን ተይው። ጠርዙን እይ።»

ጠርዙን አየሁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። አንድ እርምጃ ወረደች፣ ቶሎ ተመለሰች። ትንሽ ጠበቀች። ዞራ ሄደች። ጋሼ ጠቅ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ። ጠቅ። ሁለት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ፣ ተመለሱ። ጠቅ፣ ጠቅ። ሁለት ቀን ሙሉ እኒህ ሰዎች ሁሉ በአጠገቤ ሲያልፉ ነበር! ቅጹ «የተሻገሩ» ስለሚል የተሻገረውን ብቻ ነው ያየሁት።

ደግሞ አንድ ሚኒባስ አለ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ተሻጋሪ! ተሻጋሪ!» እያለ ይጣራል። የት የሚሄድ ሰፈር ነው ብዬ ጠየቅኩ። ለካስ ሰዉን ጭኖ ከታች እስካለው አደባባይ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ማዶ ያወርዳል። መንገድ ለመሻገር የታክሲ ሰልፍ! ሃያ እርምጃ ለማትሞላ መንገድ!

ከጤና ጣቢያው አጥር ጎን አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ከሱቋ ወጥታ ቁልቁል አየችኝ።

«አንቺ ያቺ ባለ ዣንጥላዋ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ሁለት ቀን ስትቆጥሪ አየሁሽ። እኔን ቆጠርሽኝ?»

«ተሻግረው ነበር?»

መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ብሻገርማ ኖሮ ምን ማቋረጫ ስጡኝ ብዬ እፈርማለሁ!»

እዚያው ብሰምጥ ደስ ባለኝ። ማመልከቻውን ያጻፈችው ለካስ እሷ ናት። ማዶ ያለ ሰማያዊ በር አሳየችን። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ እናቷ ናቸው። ደወለችላቸው። እዚህ ሆና በስልክ ታወራለች፣ እዚያ ሆነው በስልክ ያወራሉ፣ ሁለቱም ሌላ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ሚኒባሱ ላይ መውጣት አይችሉም። የደም ግፊት ቀጠሮአቸው እዚህ ጤና ጣቢያው ነው፣ ሦስት ቀጠሮ አልፏቸዋል።

«ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ» አለች። «ተሻጋሪ የለም ተብሎ ተወስኗል አሉኝ። እስቲ ምን በድዬሽ ነው?»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁና «ተሳስተን ነው እህቴ፣ እንደገና እንቆጥራለን» አሏት። «ተሳስታ ነው» አላሉም፤ «ተሳስተን ነው» አሉ። እሳቸው እኮ ያኔ ዕረፍት ላይ ነበሩ።

አምስት ቀን ቆጠርን። በአንዱ ቀን ብቻ ቆመው የተመለሱት አራት መቶ ስድስት ሆኑ። ጋሼ ቅጹ ላይ በእስክሪብቶና በማስመሪያ አዲስ አምድ አሠመሩ፤ «የተመለሱ» ብለው ጻፉበት። ይዘን አለቃችን ዘንድ ገባን። አለቃችን አገላብጠው አዩት።

«እንግዲህ ይሄ አምድ ከየት መጣ?»

«ከመንገዱ» አሉ ጋሼ።

«ቅጹ ላይ የለም።»

«ሰዎቹ ግን አሉ።»

«ይህ ቢሮ የሚቆጥረው የሆነውን ነው። ያልሆነውን መቁጠር ከጀመርን የት ልናቆም ነው? የሌለ አምድ ላይ አልፈርምም።»

ጋሼ አልተከራከሩም። «እሺ» ብለው ወረቀቱን አጠፉ። «ቢሆንም ቦታውን አንድ ጊዜ ቢያዩት» አሉ፣ በጣም በትሕትና። እኔ ያን ትሕትና ሳየው ያኔውኑ ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። እኔና ጋሼ ቀድመን ጤና ጣቢያው በኩል ተቀምጠናል። የአለቃችን ሾፌር አለቃችንን ማዶ፣ በሰማያዊው በር በኩል አወረዳቸውና ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ሄደ። ማን እንደመከረው አልናገርም፣ ሾፌሩ ራሱ ግን ዛሬ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። አለቃችን ቦርሳቸውን ይዘው ጠርዙ ላይ ቆሙ። እጃቸውን አነሡ፣ መኪናው እንዲቆም። መኪናው መች አለቃ ያውቃል? አንድ እርምጃ ወረዱ። አንድ ጭነት መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ወጣ። ተመለሱ። እንደገና ወረዱ። ተመለሱ። ከኋላቸው አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው «አይሆንልህም ልጄ፣ ና ቁጭ በል» ይሏቸዋል። ሃያ ሦስት ደቂቃ! በመጨረሻ ዞር ሲሉ ጋሼ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንዲታይ፣ መቁጠሪያዋን ተጫኑ። የጋሼ ስልክ ጠራ። አለቃችን ናቸው።

«ምንድን ነው እጅዎን ያወጡት?»

«ቆጥሬ ነው።»

«ምኑን?»

«እርስዎን።»

«በየትኛው አምድ?»

«በሌለው አምድ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ አለቃችን በሚኒባስ መጡ። ረዳቱ «ተሻጋሪ፣ አንድ ሰው!» እያለ፣ አለቃችን በአንድ ጥቅል ምንጣፍና በሁለት ዶሮ መካከል ተጨንቀው፣ በአደባባዩ ዞረው መጡ። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ፈረሙ። መቁጠሪያዋ ጠቅ ስትል ሰማችሁ? አልሰማችሁም! ስለዚህ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ክቡር አለቃ፣ ሳቁ እንጂ፣ ምን ያደርጋሉ። ቅጹን ደግሞ አለቃችን ራሳቸው አስቀይረውታል፤ ዛሬ በየቅርንጫፉ የምንሞላው ቅጽ አምስተኛ አምድ አለው። ለዚህስ ሊመሰገኑ ይገባል።

በአራተኛው ወር ነጩ መስመር ተቀባ፣ መብራትም ተተከለ። የመጀመሪያው ቀን እኔና ጋሼ ሄድን። አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሡ። አረንጓዴ በራ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ጎርፍ የነበረው መኪና ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ቀስ እያሉ ገቡ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደነገጥን። ለካስ ልጃቸውን በቅርብ አይተዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ክሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ሮጠች፣ መሃል መንገድ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ አንድም መኪና ጡሩንባ አልነፋም። እኔ ጠቅ የምትል ድምፅ ጠበቅኩ። የለም። ዞሬ ሳያቸው ጋሼ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ አልቆጠሯቸውም እኮ» አልኳቸው።

«እጄ ረሳ» አሉኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት እጃቸው የረሳው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ዓምና ያን ፋይል ለሌላ ጉዳይ አውጥቼ ነበር። የኔ ሪፖርት፣ ያ ባለ ቀለሙ፣ ከነግራፉ ውስጡ አለ። ቀደው የጣሉት መስሎኝ ነበር። አልጣሉትም። ላዩ ላይ በእጅዎ «ቅድመ ጥናት» ብለው ጽፈውበታል። ያን ሁሉ ስሕተቴን ቅድመ ጥናት አደረጉልኝ! ለሰባት ዓመት ለማንም አልተናገሩብኝም፣ ለኔ እንኳ ደግመው አላነሡብኝም። ሥራ ልለቅ ያሰብኩት በዚያ ሳምንት ነበር፣ ይህንን አልነገርኩዎትም። ያላስለቀቀኝ «ተሳስተን ነው» ያሏት ቃል ናት። እኔ ዛሬ ሰው ፊት ቆሜ ባለሙያ ነኝ የምለው በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ። በጣም ነው የማመሰግንዎ።

ውሃ ስጡኝ እስቲ። ማዶ ካለው ሱቅ አይደለም፣ ከዚሁ።

አሁን ያስያዝኳችሁን ሕግ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ለስጦታ ብዬ እዚያ መንገድ ሄጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ቆጥሬ ቁጥሩን በፍሬም አድርጌ ልሰጣቸው ነው ያሰብኩት። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ተደብቄ ቆጠርኩ። የተሻገሩ፣ ስድስት መቶ አርባ አንድ። የተመለሱ በሚለው አምድ ባዶ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ባዶ አልሆነም። አንድ ሰው ተመልሷል።

መጣ፣ ጠርዙ ላይ ቆመ። አረንጓዴ በራ። ሰው ሁሉ ሄደ፣ እሱ አልሄደም። ማዶ ላሉት አሮጊት እጁን አወዛወዘ፣ እሳቸውም አወዛወዙለት። ዞረና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ባለ ኮፍያ ነው። ጋሼ፣ ወዴት ነው የሚያዩት?

«እንዴ፣ ዛሬ እንኳ?» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ በሥራ ቀን መጣ» አለችኝ። «መስመሩ ከተቀባ ጀምሮ ነው። የተመለሰ ሰው እንዳለ ሊያይ ይመጣል። እናቴ ሻይ አፍልታ ትጣራለች፣ አይሻገርም። ቆጠራ ላይ ነኝ ይላል።»

እትዬ፣ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ነው እያሉ ከቤት የሚወጡ ከሆነ፣ እባክዎ ያንን ራስ ይመልከቱት። ምን ፀጉር አለው?

ባልደረቦቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ያቺ እናት ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከልጃቸው ጋር ማዶ ለማዶ እጅ ማወዛወዝ የቀረላቸው በኚህ ሰው ነው። ከኚህ ሰው ጋር ግን ይኸው ስድስት ዓመት ማዶ ለማዶ እጅ ያወዛውዛሉ። ጠዋት በልጃቸው ስልክ ደውዬ ሰላም አልኳቸውና «እናቴ፣ ዛሬ ጡረታ ይወጣሉ» ብላቸው፣ «ታዲያ መቼ ነው የሚሻገረው? እኔ እስከ መቼ ልጠብቅ?» አሉኝ። ሳይመሽ ወንበር አውጥቼ እጠብቃለሁ ብለዋል። ሁለት ወንበር ነው የሚያወጡት።

ጋሼ፣ ክሊራንሱ ተፈርሟል። ከዛሬ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቆጣሪ አይደሉም። ንብረት ክፍል፣ ዐይንህን ጨፍን። ያቺን የሌለች መቁጠሪያ ይስጡኝ። ይስጡኝ እንጂ ጋሼ። አመሰግናለሁ። ሞቃለች።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ይህን ስንጠጣ ወዲያው አውቶቡሱ ላይ እንወጣለን፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰው ሾፌራችን በትክክለኛው በኩል ያወርደናል። እትዬ በቀኝ፣ አለቃችን በግራ ሆነው ይዘዋቸው ይሻገራሉ፣ ሁላችሁም ትከተላላችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ጋሼ፤ እግርዎ ይጽና፣ ቀሪው ዘመንዎ ሳይቆጠር ይለፍ። ለመጨረሻው ተሻጋሪ፣ ለጤናዎ!

እኔን ማዶ አትጠብቁኝ። ከዚህኛው ጠርዝ ላይ ሆኜ እቆጥራችኋለሁ፤ ቆጣሪ አይሻገርም።